ድርና ብርሃን

አጠገባችሁ ፖላራይዝድ የሚባለውን የፀሐይ መነጽር ያደረገ ሰው ካለ ለአምስት ደቂቃ ተዋሱት። አንድ ተራ ካልኩሌተር አብሩ፤ ቁጥሮቹን በመነጽሩ አንድ መስታወት በኩል እያያችሁ መነጽሩን እንደ መኪና መሪ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። መጀመሪያ ቁጥሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። እያዞራችሁ ስትሄዱ ግን የካልኩሌተሩ ገጽ እየጠቆረ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ይጨልማል። ሩብ ዙር ስትጨምሩ እንደገና ይበራል። የላፕቶፕና የአንዳንድ ስልኮች ስክሪንም እንዲሁ ያደርጋል። ባትሪው አላለቀም፤ መብራትም አልጠፋም። ብርሃኑ እንደ ቀድሞው ከገጹ እየወጣ ወደ እናንተ እየመጣ ነው፤ መነጽሩ ግን «በዚህ አኳኋን አታልፍም» ብሎ ከልክሎታል።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህን ሙከራ በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ። በየዓመቱም ከመካከላቸው አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጥያቄው የንቀት ጥያቄ አይደለም። ወላጆቹ ተቸግረው የሚያስተምሩት ልጅ ነገ የሚመርጠውን የትምህርት ዘርፍ ዋጋ እየመዘነ ነው። «ሳይንስ ትልልቅ ማሽን ላላቸው አገሮች ነው፤ እኛ ፈተና ለማለፍ ብቻ እናጠናዋለን» የሚለው ሐሳብም ከጥያቄው ጀርባ ቆሟል። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለዚያ ልጅ መልስ እንዲሆን ነው። መልሱ በጆንያ በኩል ያልፍና አባቴ ዐይን ላይ ይደርሳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የማናየው አቅጣጫ

አንድ ረጅም ገመድ ወስዳችሁ ጫፉን ከዛፍ ጋር እሰሩ። ሌላውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች አርገብግቡት። ሞገዱ በገመዱ ላይ እየተጥመለመለ ወደ ዛፉ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አርገብግቡት። ሞገዱ አሁንም የሚሄደው ወደዚያው ዛፍ ነው፤ ገመዱ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ግን ተለውጧል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ወደ ፊት በሚጓዝበት ጊዜ የኤሌክትሪክ መስኩ የጉዞውን መስመር አቋርጦ ይንቀጠቀጣል። ፖላራይዜሽን ማለት ይህ የሚንቀጠቀጥበት አቅጣጫ ነው።

ከፀሐይና ከአምፖል የሚወጣው ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ የሚንቀጠቀጥ ድብልቅ ነው። ከሐይቅ ወይም ከአስፋልት ላይ ነጥሮ ዐይናችንን የሚወጋው ብርሃን ግን በአመዛኙ አግድም የሚንቀጠቀጥ ነው። ፖላራይዝድ መነጽር ሾፌሮችን የሚያሳርፋቸው ይህን አግድሙን ለይቶ ስለሚያስቀር ነው። የካልኩሌተሩም ገጽ ከላዩ ላይ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ተለጥፎበታል፤ የመነጽሩና የገጹ ማጣሪያ አቅጣጫቸው ሲጻረር ጨለማ ይሆናል። የሰው ዐይን ቀለምንና ድምቀትን እንጂ ይህን አቅጣጫ ለይቶ አያይም ለማለት ይቻላል። ንብ ግን ታያለች። ካርል ፎን ፍሪሽ የተባለው ኦስትሪያዊ ተመራማሪ ንቦች ፀሐይ በደመና ስትሸፈን እንኳ ከሰማዩ ብርሃን የንዝረት አቅጣጫ ተነሥተው መንገዳቸውን እንደሚያገኙ አሳይቷል፤ በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ነው።

ፖላራይዜሽን የሚለውን ስም ያወጣው ኤቲየን ሉዊ ማሉስ የተባለ ፈረንሳዊ መኮንንና መሐንዲስ ነው። በ1808 ፓሪስ ውስጥ ሳለ፣ በሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት መስኮቶች ላይ ነጥራ የምትታየውን የምትጠልቅ ፀሐይ በካልሳይት ክሪስታል በኩል ተመለከተ። ካልሳይት የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን ነው። ጥርት ያለው ዓይነት በውስጡ የሚያዩትን ነገር ሁሉ ሁለት አድርጎ ያሳያል። ማሉስ ግን ክሪስታሉን ሲያዞረው ሁለቱ የፀሐይ ምስሎች እኩል አልሆኑም፤ በየተራ አንዱ ሲደምቅ ሌላው ይደበዝዝ ጀመር። ከመስታወት ላይ የነጠረው ብርሃን የራሱ አቅጣጫ ይዞ እንደሚመጣ ያወቀው በዚህ ነው።

ከማሉስ በኋላ ለረጅም ጊዜ የብርሃንን የንዝረት አቅጣጫ ለመቆጣጠር የፈለገ ሰው ክሪስታል ማግኘት ነበረበት። ተፈጥሮ በምድር ሆድ ውስጥ ያዘጋጀችውን ድንጋይ ፈልጎ፣ ቆርጦና አለስልሶ መጠቀም ግድ ነበር። ከብርሃን ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነው የሬዲዮ ሞገድ ሲገኝ ግን ሌላ መንገድ ተከፈተ። በ1888 ጀርመናዊው ሃይንሪክ ኸርዝ ቀጥ ያሉ ሽቦዎችን ጎን ለጎን አሰልፎ በሞገዱ ፊት አቆማቸው። ሽቦዎቹ ሞገዱ ከሚንቀጠቀጥበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሲሆኑ ሞገዱ ታገደ፤ ሩብ ዙር ሲዞሩ አለፈ። በሽቦው ርዝመት ኤሌክትሮኖች እንደ ልብ ይሮጣሉ፤ ስለዚህ በዚያ አቅጣጫ የሚንቀጠቀጠውን ሞገድ ይመልሱታል። ሽቦው መጀመሪያም መጨረሻም ያው ሽቦ ነው። የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጆንያና የባቡር መጽሐፍ

ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ በ1858 ቤንጋል ውስጥ ተወለደ። አገሩ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። ካምብሪጅ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1885 ካልካታ በሚገኘው ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የፊዚክስ መምህር ሆነ። ለሕንዳውያን መምህራን የሚከፈለው ከእንግሊዛውያኑ ያነሰ ነበር። ቦስ ማስተማሩን አላቋረጠም፤ ደመወዙን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልቀበልም አለ። በመጨረሻ ሙሉ ክፍያው ካለፈው ውዝፍ ጋር ተሰጠው። ለምርምር የሚሆን የረባ ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ መሣሪያዎቹን በአካባቢው ቆርቆሮ ሠሪ እጅ ነበር የሚያሠራቸው።

ይህ ሰው ከኸርዝ ሞገዶች እጅግ ያጠሩ፣ 5 ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሞገዶችን ማመንጨት ቻለ። የንዝረት አቅጣጫቸውን ለማጣራት የተጠቀመበትን ነገር ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ። በዚያ ዘመን ብራድሾው የሚባል ወፍራም የባቡር ጊዜ ሰሌዳ መጽሐፍ ነበረ። ቦስ በመጽሐፉ ገጾች መካከል ስስ የቆርቆሮ ፎይል እያስገባ አስቀመጠ። በቃ፣ ይኸው ማጣሪያ ሆነ። ብረትና ወረቀት እየተፈራረቁ በሥርዓት የተደረደሩበት መጽሐፍ የኸርዝን ሽቦዎች ሥራ ሠራ።

ከዚያ ወደ ጆንያው መጣ። የስኳር ውኃ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን የንዝረት አቅጣጫ እንደሚያዞር አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ምክንያቱ የሞለኪውሎቹ ቅርጽ መጣመም እንደሆነ ይነገር ነበር፤ ሞለኪውልን ግን ማን አይቶት? ቦስ «ሞለኪውሉን በትልቁ ልሥራው» አለ። ጁት የሚባለውን፣ ጆንያ የሚሠራበትን ቃጫ ወሰደና እንደ ገመድ ገመደው። አንዳንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዳንዱን ወደ ግራ ገምዶ ሞገዱን በቃጫው ውስጥ አሳለፈ። ሞገዱ ሲወጣ የንዝረት አቅጣጫው ዞሯል። በቀኝ ግምድ ያለፈው ወደ አንድ ወገን፣ በግራ ግምድ ያለፈው ወደ ተቃራኒው ዞሯል። ውጤቱ በ1898 በለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ታተመ። ዛሬ የሜታማቴሪያል ታሪክ ሲጻፍ ብዙዎች ከዚህ ጆንያ ነው የሚጀምሩት።

ለምን ሆነ? ቃጫዎቹ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ ሞገዱ እያንዳንዷን ቃጫ ነጥሎ አያውቃትም፤ የሚያውቀው የሁሉንም ድምር ነው። ነጠላ ከመንገዱ ማዶ ስታዩት ክሩ አይታያችሁም፤ አንድ ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው የሚታያችሁ። ለሞገዱም የተገመደው ቃጫ እንደ አንድ ወጥ አካል ነው፤ የዚያን አካል ጠባይ የሚወስነው ግን ግምዱ ነው። ያልተገመደ ቃጫ ሞገዱን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አያዞረውም። ኃይሉ ከጁቱ አልመጣም፤ ከአገማመዱ ነው።

በብርሃን ልክ መሸመን

ሜታ በግሪክ «ከዚያ ባሻገር» እንደ ማለት ነው። ሜታማቴሪያል የምንለውም ከተሠራበት ንጥረ ነገር ባሻገር፣ ከቅርጹና ከአደራደሩ የተነሣ አዲስ ጠባይ ያገኘ ነገር ነው። ሐሳቡ በዚህ ስም ተጠርቶ የተስፋፋው በ2000 ዓመት ገደማ፣ እንግሊዛዊው ጆን ፔንድሪና አሜሪካዊው ዴቪድ ስሚዝ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሠሯቸው ሥራዎች ነው። የእነሱ ሞገዶች ሴንቲሜትር የሚለኩ ስለነበሩ ቅርጾቹን እንደ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ ማተም ይቻል ነበር። የሚታየው ብርሃን ግን የሞገዱ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ብቻ ነው። የአንድ የፀጉር ዘለላ ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ገደማ መሆኑን አስቡ። ብርሃንን እንደ ቦስ ለማዞር «ቃጫው» ከብርሃኑ ሞገድም ያነሰ መሆን አለበት።

በ2011 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ናንፋንግ ዩ፣ ፌዴሪኮ ካፓሶና ባልደረቦቻቸው ጥቃቅን የወርቅ ዘንጎችን እንደ ተገለበጠ ጎጆ ክዳን በሁለት ክንፍ አጥፈው፣ በሲሊከን ገጽ ላይ አንድ ረድፍ ብቻ ደረደሩ። ኢንፍራሬድ ብርሃን በዚያ ገጽ ሲያልፍ ከመማሪያ መጻሕፍት ሕግ ውጭ ወደ ሆነ አቅጣጫ ታጠፈ። እንዲህ ያለው ባለ አንድ ንጣፍ ሜታማቴሪያል ሜታሰርፌስ ይባላል። በ2015 ደግሞ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም አሚር አርባቢ፣ አንድሬ ፋራዎንና ባልደረቦቻቸው ከሲሊከን የተሠሩ፣ ከላይ ሲታዩ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆኑ ዓምዶችን በመስታወት ላይ ተከሉ። እያንዳንዱ ዓምድ መጠኑና የዞረበት አቅጣጫ ለየብቻው የተመረጠ ነው። በአንድ ስስ ገጽ ላይ የብርሃንን የንዝረት አቅጣጫ በየነጥቡ እንደ ፈለጉ መወሰን ቻሉ።

አንድ ሞላላ ዓምድ ይህን እንዴት ያደርጋል? ጥማድ በሬ አስቡ። ሁለቱ በሬዎች እኩል ሲራመዱ ቀንበሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዱ በሬ ሲዘገይ ግን ቀንበሩ ይዞራል። ወደ ዓምዱ በሰያፍ እየተንቀጠቀጠ የሚገባ ብርሃንም ሁለት ሆኖ ሊታሰብ ይችላል፤ አንዱ ክፍል በዓምዱ ረጅም ጎን፣ ሌላው በአጭሩ ጎን ይንቀጠቀጣል። በረጅሙ ጎን የሚንቀጠቀጠው ይበልጥ ይዘገያል። ሲወጡ አንዱ ከሌላው በግማሽ ሞገድ ከዘገየ፣ የሁለቱ ድምር የሚንቀጠቀጥበት አቅጣጫ ወደ ሌላው ሰያፍ ይገለበጣል። በሩብ ሞገድ ከዘገየ ደግሞ ንዝረቱ በመስመር መመላለሱን ትቶ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ዓምዱን ማወፈር፣ ማቅጠን ወይም ማዞር በቂ ነው። ካልሳይት ድንጋይ በተፈጥሮው የሚያደርገውን ሰው በቅርጽ አደረገው።

በ2016 የካፓሶ ቡድን የሚታየውን ብርሃን የሚሰበስብ ስስ ሌንስ የሠራባቸው ዓምዶች ቁመታቸው 600 ናኖሜትር ነው፤ ከፀጉር ውፍረት ከ100 እጥፍ በላይ ያንሳሉ። የተሠሩበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ በየግድግዳችን ላይ በነጭ ቀለም ውስጥ ያለ ተራ ነገር ነው። ያው ቡድን በ2019 በእንዲህ ያለ ገጽ ብርሃንን እንደ ንዝረት አቅጣጫው አራት ቦታ የሚከፍል ትንሽ ካሜራ አሳየ። በካሜራው ውስጥ የሚሽከረከር ማጣሪያ የለም፤ የሚንቀሳቀስም አካል የለም።

ተራ ነገር በአደራደሩ እንደሚከብር ለማየት ግን ሃርቫርድ መሄድ አያስፈልግም። የወሎውን ኦፓል አይታችሁ ታውቃላችሁ? በ2008 ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ስሙ በዓለም የናኘው ድንጋይ ነው። ሲያዘነብሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይፈነጥቃል። በውስጡ ግን ቀለም የለም። ያለው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋን አሸዋ ያደረገው ነገር ነው፤ ከብርሃን ሞገድ ያነሱ ድቡልቡል ቅንጣቶች ሆኖ በረድፍ ተደርድሯል። ረድፉ ከሌለ ድንጋዩ አይፈነጥቅም።

የአባቴ ዐይን

አባቴ ሸማኔ ነው። በወጣትነቱ ከዶርዜ መጥቶ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ከ40 ዓመት በላይ ሸምኗል። እኛን ልጆቹን ያስተማረን በዚያ ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ይጋጭ ጀመር። መወርወሪያውን በግራ በኩል ይስተው ጀመር። አጠገቡ የተቀመጠ ሕፃን አይታየውም ነበር። ከፊት ለፊቱ ያለውን ጥለት ግን አንድ ክር ሳይስት ያያል። ስለዚህ እሱም ጎረቤትም «እርጅና ነው» አሉ። ከዘመዶቻችን አንዱ «ሞራ ነው፤ ይብሰልና ይገፈፋል» አለ። ብዙ ቤት ውስጥ የሚባለው ይኸው ነው።

ሞራ አልነበረም። የዐይን ሐኪሟ ከመረመሩት በኋላ ግላኮማ መሆኑን አስረዱን። ሞራ የዐይን ሌንስ መደፍረስ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ተወግዶ ብርሃን ይመለሳል። ግላኮማ ግን ከዐይን ወደ አንጎል መልእክት የሚወስደውን ነርቭ ይጎዳል፤ ብዙ ጊዜም በዐይን ውስጥ ካለው ግፊት ጋር የተያያዘ ነው። ነርቩ ከ1 ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት። በሽታው ብዙውን ጊዜ ሳያምና ሳያቀላ ክሮቹን ይበጥሳቸዋል፤ የሚጀምረውም ከዳር እይታ ነው። አንጎል የጎደለውን እየሞላ ስለሚያሳይ ሰውዬው ብዙ ክሮች እስኪሞቱ ድረስ ጉድለቱን አያውቀውም። የሞተ ክር አይመለስም። በጠብታ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ሕክምና ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ማትረፍ ግን ይቻላል። በዓለም ላይ የማይመለስ ዓይነ ስውርነትን በማምጣት ግላኮማ ቀዳሚ ነው።

ያን ሰሞን ስለ በሽታው ማንበብ ጀመርሁ። ከክፍል ውስጥ የማውቀውን ነገር ባልጠበቅሁት ቦታ አገኘሁት። የነርቩ ክሮች በሬቲና ላይ ተነጥፈው ወደ አንድ ቦታ የሚሄዱት ጎን ለጎን፣ ትይዩ ሆነው ነው። እያንዳንዱ ክር ከብርሃን ሞገድ ያነሱ ጥቃቅን ቱቦዎች በረድፍ የተደረደሩበት ነው። ይህ ንጣፍ በውስጡ የሚያልፈውን ፖላራይዝድ ብርሃን ልክ እንደ ሞላላው ዓምድ ያደርገዋል፤ አንዱን ክፍል ከሌላው ያዘገየዋል። ማዘግየቱ የሚመጣው ነርቩ ከተሠራበት ነገር ብቻ ሳይሆን ከአሰላለፉ ነው። የቦስ ጆንያ የቆመበት መርህ በያንዳንዳችን ዐይን ውስጥ አለ።

ንጣፉ ወፍራም ሲሆን መዘግየቱ ይበዛል፤ ክሮቹ ሲሞቱና ሲሳሳ መዘግየቱ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ፖላራይዝድ የሆነ ደካማ ሌዘር ወደ ሬቲና ልኮ፣ ሲመለስ ምን ያህል እንደ ዘገየ በየነጥቡ የሚለካ መሣሪያ ተሠርቷል። ሐኪሙ መዘግየቱን አንብቦ የክሮቹን ንጣፍ ውፍረት እንደ ካርታ ይሥለዋል። ዛሬ በብዙ ቦታ ኦሲቲ የሚባል ሌላ የብርሃን መሣሪያ ተክቶታል፤ ፖላራይዜሽንን የሚለኩ የኦሲቲ ዓይነቶችም አሉ። በማንም ዐይን የማይታየው የብርሃን ጠባይ የሰውን ጉዳት ባለቤቱ ከመሰማቱ በፊት ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው።

አንድ ምሽት ይህን ለአባቴ ነገርሁት። ክሮቹ ጎን ለጎን እንደሚሰለፉ፣ ብርሃን በመካከላቸው ሲያልፍ እንደሚዘገይ፣ ከመዘግየቱም የሳሳው ቦታ እንደሚታወቅ ገለጽሁለት። ሲሰማኝ ቆይቶ «ክሩ የሳሳበትን በብርሃን ያዩታል ነው የምትለኝ?» አለኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ይሄማ የእኛው ሥራ ነው። ጨርቁን ካወረድህ በኋላ ወደ መብራት ታነሣዋለህ፤ ድሩ የሳሳበት ያኔ ይታይሃል። በእጅህ ብትዳስሰው አታገኘውም።»

ስለ ናኖ ዓምዶቹም ነገርሁት። ከነጭ ቀለም የተሠራ ነገር ብርሃንን እንዲህ ማዘዙ አልገረመውም። «ፈትሉ ያው ጥጥ ነው» አለ። «ጋቢም ነጠላም የሚያደርገው ድሩን የዘረጋው ሰው ነው።» ተማሪዎቼን አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ የማስረዳቸውን እሱ በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሰው።

ለእኛ ምን ያደርግልናል?

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ሜታሰርፌስ አባቴ ያጣውን አይመልስለትም። ፖላራይዜሽንን የሚለኩ የሕክምና መሣሪያዎች ግን እስከ ዛሬ ጠረጴዛ የሚሞሉት በውስጣቸው ክሪስታል፣ ሌንስና የሚሽከረከሩ ማጣሪያዎች ስላሉ ነው። የእነዚህን ሁሉ ሥራ እንደ ኮምፒውተር ቺፕ በሚመረት አንድ ስስ ገጽ ማሠራት ሲቻል መሣሪያው ያንሳል፤ ሲያንስ ደግሞ ከከተማ ወጥቶ ወደ ሰው ይሄዳል። በዐይን ብቻ አይወሰንም። የወባ ተውሳክ ከደም የሚሠራው ሄሞዞይን የሚባል ክሪስታል በፖላራይዝድ ብርሃን ያበራል። የሪህ በሽታ ክሪስታሎችም ከመገጣጠሚያ በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ የሚለዩት በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ነው። ወባ ያለበት፣ የዐይን ሐኪም የራቀበት አገር ልጅ «ይሄ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ሊል አይችልም። ከማንም ይልቅ የእሱ ጉዳይ ነው።

«ቤተ ሙከራ የለንም» ለሚለው ደግሞ ቦስ ከነጆንያው አለ። ዛሬ ከእሱ የተሻለ ነገር በእጃችን አለ። እነዚህ ዓምዶች ከመሠራታቸው በፊት የሚፈተኑት በኮምፒውተር ነው። ለዚህ ሥራ ኤምአይቲ ውስጥ የተጻፈው ሚፕ የሚባለው ፕሮግራም ለማንም በነጻ ይሰጣል። ላፕቶፕና ትዕግሥት ያለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የራሱን ዓምድ ቀርጾ ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ማስላት ይችላል። ከዚያ በፊት ላላችሁት ደግሞ የቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራማችሁ ላይ ይህን ሞክሩ። ነጭ ገጽ የተከፈተበት የላፕቶፕ ስክሪን ፊት ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ ያዙና በፖላራይዝድ መነጽር እዩት። ማስመሪያው ቀለም በቀለም ይሆናል። ፕላስቲኩ ፋብሪካ ውስጥ ሲፈስስ የተጨነቀበት ቦታ ሁሉ አሰላለፉ ተለውጦ ቀርቷል፤ ቀለሙ የዚያ ምልክት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ማድረግ ትችላላችሁ። ግላኮማ በቤተሰብ ይወርዳል፤ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ካለበት አደጋው ከፍ ይላል። ዕድሜያቸው ከ40 ያለፈ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ዐይን ምርመራ ሂዱ። «ሞራው ይብሰል» የሚል ሰው ካለ ሞራ መሆኑን ማን እንዳየ ጠይቁት።

እኛ አራቱም ልጆች ተመርምረናል። የሦስታችን ደኅና ነው። የታላቅ እህቴ ግፊት ከፍ ብሎ፣ ነርቧም መሳሳት ጀምሮ ተገኘ፤ እስካሁን አንድም ነገር አልጎደለባትም፤ አልተሰማትምም። አባቴ ዛሬም በቀረችው እይታ ይሸምናል፤ ድሩን የሚዘረጋለት ታናሽ ወንድሜ ነው። ማታ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን እህቴ መጀመሪያ ለእሱ፣ ከዚያ ለራሷ ጠብታውን ታደርጋለች።